ርዳታ ሰጪው ሲሄድ የሚቀረው

የውጭ ርዳታ አገር ያሳድጋል ወይስ ለማኝ ያደርጋል የሚለው ክርክር በተማሪዎች መካከል ከተነሣ ቶሎ አይበርድም። እኛ ግን ነገሩን በጥቅሉ ከማየት ይልቅ በአገራችን የሆነውን ብንመረምር ይሻላል እንላለን።

በ1944 ዓ.ም. መንግሥት በአሜሪካ የፖይንት ፎር ርዳታ አማካይነት በኦክላሆማ ከሚገኝ የእርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋዋለ። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። መምህራኑ ይዘው የመጡት ስንዴ አልነበረም፤ አፈር መመርመርንና ዘር መምረጥን አስተማሩ እንጂ። ውላቸው በ1960 ዓ.ም. ሲያልቅ ሄዱ። ኮሌጁ ግን አልተዘጋም፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

በጅማና በዓለማያ ከተማሩት አንዱ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ አረም መሆኑን የቆላ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የአረሙ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ቅመም ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ቅመም አሳንሶ የሚያወጣ ማሽላ መርጠው አዳቀሉ፤ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። (ዶክትሬታቸውንም ሆነ አብዛኛውን ምርምራቸውን የሠሩት አሜሪካ መሆኑ አይካድም፤ ርዳታ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሰጪውም ይመለሳል።)

ይሁን እንጂ ከዚህ በላይ ብናሞግሰው ሐሰት ይሆንብናል። ፕሮፌሰሩ ከዓለማያ በተመረቁበት በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ያልቅ ነበር። ጭሰኛው ሲሦውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ሲሰፍር ይህን የእርሻ መምህር ሊያስቀርለት አይችልም፤ ረኀቡን የሸሸገውን መንግሥትም ኮሌጅ አያናግረውም። ያ የባለአገሩ ሥራ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የመጣው እህል ነፍስ አድኗል። ይህን የሚያቃልል ሰው ካለ ያልተራበ ነው። ነገር ግን እህል ተበልቶ ያልቃልና ድርቁ በተመላለሰ ቁጥር ልመናውም ተመላለሰ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅቱን ሲዘጋ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞቻችን ከሥራ ወጡ። የርዳታ ውል የምታዘጋጁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ሰጪው በሄደ ማግስት ደመወዙን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ በውሉ ላይ ተጽፎ አይታችኋልን?

የዓለማያ ኮሌጅ በደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ ነበረው። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ ማዳቀሉ ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። አሜሪካኖቹ ከሄዱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ቁንጮ የተባለውን ጤፍ ከዚያው ጣቢያ ያወጡት ኢትዮጵያውያን ናቸው።