ፍሬን የሚበጠሰው በድንገት ነውን?

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው «ፍሬን በጠሰ» የሚል ወሬ ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወረታ ደግሞ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ መንገድ ድንች ይወርዳል፣ የፎገራ ሩዝ ይወጣል። ከጭነቱ በላይ ደግሞ ገበያ የዋሉ እናቶች፣ ተማሪዎችና ሕፃናት ይሳፈራሉ። መኪናው ብዙውን ጊዜ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ፒካፕ ነው።

አደጋ ሲደርስ ሁላችንም «ቀደር ነው» እንላለን። ቀደር መሆኑን አንጠራጠርም። ይሁንና የፍሬን ቱቦ በአንድ ጀምበር አይበሰብስም። ሦስትና አራት ክረምት ሲዝግ ቆይቶ ነው የሚፈነዳው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ እየተገፋ ወደ አራቱም ጎማ ይሄዳል። ቱቦው ከእርሳስ ውፍረት ያነሰ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አጥብቀው ሲረግጡ ውስጡ ያለው ግፊት በአንድ ሣንቲም ሜትር ካሬ ላይ ወደ 100 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ዝገት የበላው ቱቦ ከተማ ውስጥ በቀስታ ሲረገጥ ችሎ ይውላል። የሚፈነዳው በሙሉ ኃይል በተረገጠ ጊዜ፣ ሕፃን ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ወይም ቁልቁለት ላይ በሬ ሲገባ ነው። ፍሬኑ የሚከዳው እጅግ በተፈለገበት ሰዓት መሆኑ እንግዲህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

በአሜሪካ ይህ ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። በዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ የብረት ጠላት ነው። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት 5 ሚሊዮን ያህል የጄኔራል ሞተርስ ፒካፖችና መሰል መኪናዎችን ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 መዝገቡን ዘጋ። የፋብሪካ ጉድለት ነው አላለም፤ ባለቤቶች የመኪናቸውን ሆድ እንዲያጥቡና ቱቦውን እንዲያስመረምሩ ግን መከረ።

«እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን የክረምት ጭቃ አለ። ጭቃው ቱቦው ከሻንሲው ጋር በተያያዘባቸው ማቀፊያዎች ሥር ይወተፍና እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ከብትና በግ የሚጭን መኪናም አለ። ለአረፋ በግ የጫነ ፒካፕ ከገበያ ሲመለስ ሽንቱ በወለሉ ስንጥቅ እየወረደ በቀጥታ ሻንሲውና ቱቦው ላይ ያርፋል፤ ያ ደግሞ ጨው አለበት። ላዩ ይታጠባል፤ ከሥሩ ግን ማን ያጥበዋል?

ሌላው ጠላት ከውስጥ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ከዓመት ዓመት ሳይቀየር ሲቀር ውስጡ የተጠራቀመው ውኃ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የመፍያ ነጥቡንም ያወርደዋል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውኃ ከገባበት በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ጭነት ያለበት ፒካፕ 900 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ የሚፈጠረው ሙቀት 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉም ባዶ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ይህን ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ይጭናል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ግን ምንም አያስወጣውም።

በየመንገዱ የሚደረገው ጥገናም ያሳስበናል። የተበሳውን ቱቦ አጥፎ በመዶሻ መምታትና አንዱን ጎማ ያለ ፍሬን መተው፣ የፍሪጅ መዳብ ቱቦ መቀጠል፣ የጎደለውን በውኃ ወይም በሞተር ዘይት መሙላት ሁሉ አለ። ለስላሳው መዳብ ንቅናቄ ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ የሞተር ዘይት ደግሞ የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያሳብጣል። የጎደለ ዘይት ያለ ምክንያት አይጎድልም፤ ሸማው አልቆ ካልሆነ አንድ ቦታ ይፈስሳል። ፔዳሉን ረግጠው ሲቆዩ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ወይም ከጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት ከታየ ያ መኪና ሰው መጫን የለበትም።

ቱቦው መንገድ ላይ ቢፈነዳስ? በአብዛኞቹ ፒካፖች የፊትና የኋላ ፍሬን መስመር የተለያየ ነው። ፔዳሉ ወለል ድረስ ቢገባም ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ የተረፈው መስመር ሊይዝ ይችላል። ማርሽ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ፣ ሞተሩን አለማጥፋት፣ ጥሩምባ እየነፉ ሰው ማራቅ፣ ካልሆነም ከገደሉ ይልቅ ወደ ተራራው ጥግ መጠጋት ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬን በሽቦ ስለሚሠራ ዘይት ቢፈስም ይሠራል፤ ሽቦው ግን ቀድሞ መጠገን አለበት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ አገር ውስጥ ያለው መኪና ዕድሜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። እንግዲህ አሮጌ ፒካፕ ለመግዛት ያሰባችሁ ወንድሞች ሞተሩን ከማዳመጣችሁ በፊት ከሥሩ ግቡ። ሻንሲው በቅርቡ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ማቀፊያዎቹ ሥር ያለውን ጭቃ አንሡና ቱቦውን በጥፍራችሁ ፋቁት። ቅርፊት ከተነሣ ከፊት እስከ ኋላ በሙሉ ይቀየር፤ ከዋጋው ላይም ይቀነስ።