ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት

የቤት እመቤት ቁልፏን ያኖረችበትን ስፍራ ብትረሳ ቤተ ሰቡ ይስቃል። ጧት የነገሯትን ከቀትር በፊት አምስትና ስድስት ጊዜ ደጋግማ ስትጠይቅ ግን ሳቁ ቀርቶ ድንጋጤ ይሆናል። ብዙ ሰዎችም ነገሩን የእርጅና ነው ብለው ይተዉታል። እኛ ሊቃውንት የደረሱበትን ሌላ ምክንያት ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

በአንጐል ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው የሚናገረው በመካከላቸው ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ግሉታማት የሚባል ቅመም በመላክ ነው። በወዲያኛው ሕዋስ ገጽ ላይ ቅመሙን የሚጠብቁ፥ አምፓ የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። እነዚህን በደጅ ቆመው መልእክት በሚቀበሉ አሽከሮች ልንመስላቸው እንችላለን። በደጅ የቆሙት ብዙ ሲሆኑ መልእክቱ ጐልቶ ይሰማል፤ ጥቂት ሲሆኑ የላኪው ድካም ከንቱ ነው።

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1973 ዓመት ቲሞቲ ብሊስና ቴርየ ሎሞ የሚባሉ ሊቃውንት፥ በጥንቸል አንጐል ውስጥ አንድ የነርቭ መንገድ በብርቱ ከተነካ በኋላ መልሱ ለብዙ ሰዓት ጠንክሮ እንደሚቆይ አስታወቁ። ምክንያቱ የተገለጠው ቈይቶ ነው። መልእክቱ ሲበረታ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ይህም ተቀባዮቹን ከጓዳ ወደ ደጅ ያስወጣቸዋል። ጓዳ ያልነው በሕዋሱ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ከረጢቶች ነው፤ እነዚህንም ሚዮሲን የሚባል ፕሮቲን እንደ ተሸካሚ በቀጭን ክር ላይ እየተራመደ ያደርሳቸዋል። ተቀባዮቹ ገጹ ላይ ከወጡ በኋላ እየተንሸራተቱ ወደ መገናኛው ይሄዳሉ፥ በዚያም ይያዛሉ። በ2017 በቦርዶ ያሉ ተመራማሪዎች ተቀባዮቹን እንዳይንሸራተቱ እርስ በርሳቸው ባሰሯቸው ጊዜ፥ አይጦቹ የደነገጡበትን ስፍራ ለይተው ማስታወስ ደከመባቸው።

እንግዲህ ወደ እመቤታችን እንመለስ። በ2009 ሐኪሞች የዐሥር በሽተኞችን ነገር ገለጹ፤ ዘጠኙ ሴቶች ነበሩ። ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያሰናዳው ፀረ አካል ተሳስቶ እነዚህኑ ተቀባዮች ስለሚይዝ፥ ከደጅ ተነሥተው ወደ ጓዳ ይሳባሉ። ከዐሥሩም በሰባቱ ላይ የሳንባ፥ የጡት ወይም የቲመስ ዕጢ ተገኘ። በሕክምና ዘጠኙ ተሻላቸው፤ ደግሞ ያገረሸባቸው ግን አሉ።

የእርጅና መርሳት በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል፤ ይህ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል፥ አንዳንድ ጊዜም መቃዠትና መንቀጥቀጥ ይከተለዋል። እንዲህ ያለ ነገር በቤት የታየ እንደ ሆነ በሽተኛዪቱን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው፤ ሐኪሙ ደሟንና ከአከርካሪዋ የሚቀዳውን ውሃ አስመርምሮ ፀረ አካሉን ሊያገኘው ይችላል።