የቤዝቦል ወዳጆች ስለ ምን ይከራከራሉ?

አሜሪካን አገር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ስለ ፖለቲካ ከማንሣት ይልቅ ስለ ቤዝቦል ቢነጋገሩ ሰላም ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የቤዝቦል ወዳጆች በሦስት ነገር ሳይከራከሩ የሚውሉበት ቀን የለም። አንደኛው፣ የጨዋታው ሕግ ይለወጥ ወይስ እንደ ጥንቱ ይቆይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የተጫዋቾች ሙያ በምን ዓይነት ቍጥር ይመዘን የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ አንድ የውድድር ዘመን ስንት ጨዋታ ይኑረው የሚል ነው።

እኛም ይህን ክርክር መጀመሪያ በሰማን ጊዜ «ለአንዲት ኳስ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ!» ብለን ሥቀን ነበር። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ነገሩ የኳስ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ማን ተቈጠረ፣ ማንስ ሳይቈጠር ቀረ የሚል የፍርድ ጥያቄ በውስጡ ተደብቆ አገኘን። ስለዚህ ጉዳዩን ለአንባቢዎቻችን በዛሬው እሑድ ገጽ ለማቅረብ ወደድን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ጨዋታውን ላላየ ሰው

የእኛን የገና ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ዱላና ኳስ እንግዳ አይሆኑበትም። ቤዝቦል ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ሁለት ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው አሰልፈው ይገጥማሉ። የአንደኛው ቡድን ወርዋሪ ኳሱን ይወረውራል፤ የተቃራኒው ቡድን መቺ በዱላ ይመታል። መትቶም በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ቢመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። ሦስት ሰው ከወጣበት ተራውን ለሌላው ይለቃል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ። ኳሱን አጥር አሻግሮ የሰደደ መቺ «ሆም ራን» መታ ይባላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን የመምታቱ ችግር ነው። ከአሥር ጊዜ ሦስቱን በደኅና መትቶ ማረፊያ የደረሰ ሰው የተመሰገነ ተጫዋች ነው፤ ይህም ማለት ሰባቱን ጊዜ ከሽፎበት ነው። አሜሪካኖች ይህን ከሺህ ያሰሉታል። ከሺህ 300 ያገኘ ጎበዝ ነው። በሁለቱ ታላላቅ ሊጎች፣ ማለት በአሜሪካን ሊግና በናሽናል ሊግ፣ ከሺህ 400 ያለፈ ሰው ከ1941 ዓ.ም. ወዲህ አልታየም፤ በዚያ ዓመት የቦስተኑ ቴድ ዊልያምስ 406 አግኝቶ ነበር። እንግዲህ 406 የሚለው ቍጥር ለአሜሪካዊ የቤዝቦል ወዳጅ እንደ አያት ስም ያለ ነው፤ በእንቅልፉም ቢጠይቁት አይስተውም።

የሰዓቱ ነገር

ቤዝቦል ከጥንት ጀምሮ ሰዓት የማያውቅ ጨዋታ ነበር። ዘጠኙ ዙር እስኪያልቅ ድረስ ይጫወታሉ እንጂ፣ እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ ሞላ ተብሎ ፊሽካ አይነፋም። ነገር ግን ወርዋሪዎች በየውርወራው መካከል ሲንቀራፈፉ፣ መቺዎችም ጓንታቸውን ሲያጠብቁና ሲያላሉ፣ አንድ ጨዋታ እየረዘመ ሄደ፤ በ2022 ዓ.ም. የዘጠኝ ዙር ጨዋታ በአማካይ ሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር።

በ2023 ዓ.ም. በሜዳው ላይ ሰዓት ተሰቀለ። በማረፊያዎቹ ላይ ሯጭ ከሌለ ወርዋሪው በ15 ሴኮንድ፣ ሯጭ ካለ በ20 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር ግዴታው ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት 20ው ወደ 18 ዝቅ ተደረገ። መቺውም ሰዓቱ ስምንት ሴኮንድ ሲቀረው ዝግጁ ሆኖ ካልተገኘ ይቀጣል። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ የጨዋታው አማካይ ርዝመት በዚያው ዓመት ወደ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ።

ሽማግሌዎቹ ደጋፊዎች «ይህ የእኛ ጨዋታ አይደለም፤ የቤዝቦል ጣዕሙ ከጎረቤት ጋር እያወጉ መጠበቁ ነበር» ብለው አዘኑ። ወጣቶቹ በበኩላቸው «ልጆቻችን መጨረሻውን ሳያዩ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ የተቀነሰው ዝግታው እንጂ ጨዋታው አይደለም» ሲሉ መለሱ። ሽማግሌዎቹ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ እነርሱ ጥንታዊ የሚሉት ሕግ ራሱ ትናንት የተለወጠ ነው። በ1968 ዓ.ም. ወርዋሪዎች ከመጠን በላይ ስለ በረቱ፣ በተከታዩ ዓመት የሚቆሙበት ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ተቈረጠ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካን ሊግ በወርዋሪው ምትክ ሌላ ሰው እንዲመታ ፈቀደ፤ ናሽናል ሊግ ይህን በቋሚነት እስኪቀበል ድረስ እስከ 2022 ዓ.ም. ቆየ። ሁለቱ ሊጎች ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አንዱን ጨዋታ በሁለት ሕግ ተጫወቱት ማለት ነው። ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮም የዳኛውን ፍርድ በመሣሪያ አስመርምሮ ይግባኝ ማለት እንዲቻል በ2025 ዓ.ም. ተወስኗል።

ወጣቶቹም ቢሆኑ የሚዘነጉት አለ። ሕግ በተለወጠ ቍጥር የአባትን ውጤት ከልጅ ውጤት ጋር ማመዛዘን ይቸግራል። የሁለተኛው ክርክር መነሻም ይኸው ነው።

154 ወይስ 162?

አሜሪካን ሊግ ለረጅም ዘመን ስምንት ክለቦች ነበሩት። አንዱ ክለብ ከሰባቱ ጋር 22 ጊዜ እየገጠመ በዓመት 154 ጨዋታ ያደርግ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ክለቦቹ አሥር ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ከዘጠኙ ጋር 18 ጊዜ እንዲገጥም ስለ ተወሰነ ድምሩ 162 ሆነ። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር፤ ግን አንድ ሰው በመካከሉ ተጨነቀበት።

ቤብ ሩዝ በ1927 ዓ.ም. 60 ሆም ራን መትቶ ነበር፤ ይህም ቍጥር ማንም የማይደርስበት ተብሎ ይከበር ነበር። በዚያው በ1961 ዓ.ም. ሮጀር ማሪስ የተባለ የኒው ዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ወደ 60ው እየተጠጋ ሄደ። በዚህ ጊዜ ፎርድ ፍሪክ የተባሉት የቤዝቦል ኮሚሽነር፣ ቀድሞ የቤብ ሩዝ ወዳጅ የነበሩ ሰው፣ በሐምሌ ወር መካከል ተነሥተው፣ ክብረ ወሰኑ በ154 ጨዋታ ውስጥ ካልተሰበረ በመዝገብ ላይ ልዩ ምልክት ይደረግበታል አሉ። ውድድሩ እየተካሄደ፣ ሰውየውም እየሮጠ ሳለ መለኪያው ተለወጠበት ማለት ነው።

ማሪስ በጭንቀት ጠጕሩ እስኪረግፍ ድረስ ተሠቃየ። 61ኛውን የመታው በመጨረሻው ቀን፣ ጥቅምት 1 ነው፤ በዚያ ቀን በታላቁ ያንኪ ስታዲየም የተገኘው ሕዝብ 23 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ማሪስ በ1985 ዓ.ም. ሞተ። ውጤቱ ያለ ልዩነት የእርሱ እንዲሆን በኮሚቴ የተወሰነው ግን በ1991 ዓ.ም. ነው። ምስጋናውን ሳያየው ቀረ።

ዛሬም የውድድሩ ዘመን ወደ 154 ይመለስ የሚሉ ደጋፊዎች አሉ። ምክንያታቸውም፣ ጨዋታው በመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የፍጻሜው ውድድር አንዳንድ ጊዜ እስከ ኅዳር ስለሚዘልቅ፣ በሰሜን ከተሞች ተመልካቹም ተጫዋቹም በብርድ ይንቀጠቀጣል የሚል ነው። ተቃዋሚዎቻቸውም «የስምንቱን ጨዋታ የትኬትና የቴሌቪዥን ገቢ ማን ይተካዋል? ክብረ ወሰኖቹስ በየትኛው ልክ ይመዘኑ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

በመጽሐፍ ያልተጻፈው ሕግ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። በቤዝቦል ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ሰው የጎዳው ሕግ በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ከቶ ያልተጻፈው ነው። ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ጥቁሮች በታላላቆቹ ሊጎች እንዳይጫወቱ የክለብ ባለቤቶች በውስጥ ስምምነት በሩን ዘጉ። ጥቁሮችም የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ጽኑ ሊግ በ1920 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ ተመሠረተ።

ከእነዚህ ተጫዋቾች አንዱ ጆሽ ጊብሰን ነበር። በ1911 ዓ.ም. በጆርጂያ ተወልዶ በፒትስበርግ ያደገ፣ ኳስ ቀላቢና ኀይለኛ መቺ ነበር። ክለቡ ሆምስቴድ ግሬይስ ብዙ ጨዋታዎቹን ያደርግ የነበረው በዋሽንግተን ከተማ በግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ ፈርሶ በቦታው ላይ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ ከዩ ስትሪት የአገራችን ምግብ ቤቶች ወጥቶ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ የሚሄድ የአገራችን ሰው፣ ጆሽ ጊብሰን ኳስ ሲያጐን በነበረበት ስፍራ አጠገብ ሳያውቀው ያልፋል።

ጊብሰን በጥር ወር 1947 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 15፣ ጃኪ ሮቢንሰን በብሩክሊን ዶጀርስ ማልያ ወደ ሜዳ ገባና ያ ያልተጻፈው ሕግ ፈረሰ።

ፈቃደኛ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመት የጥንት ጋዜጦችን፣ ከሁሉ ይልቅ እነ ፒትስበርግ ኩሪየርንና ቺካጎ ዲፌንደርን የመሳሰሉትን የጥቁሮች ጋዜጦች ገጽ በገጽ እየገለጡ፣ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት ለቀሙ። በ2020 ዓ.ም. ከ1920 እስከ 1948 የነበሩት ሰባት የጥቁሮች ሊጎች ከታላላቆቹ ጋር እኩል መሆናቸው ታወጀ፤ ከ2300 በላይ ተጫዋቾችም በዚሁ ክብር ተካተቱ። በግንቦት 2024 ዓ.ም. ደግሞ ቍጥሮቻቸው ከዋናው መዝገብ ጋር ተቀላቀሉ። በዚህም ምክንያት ጆሽ ጊብሰን ከሺህ 372 አግኝቶ፣ ብዙ ዘመን አንደኛ የነበረውን የታይ ካብን 367 አለፈ። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ወንዝ ሲጎድል ተሻገር» ይባላል፤ ለጊብሰን ዳኛው የተገኘው ከሞተ ከ77 ዓመት በኋላ ነው።

ክርክሩ እንደ ገና ተነሣ። አንዳንዶቹ «የጥቁሮች ሊግ ዓመታዊ ውድድር ከ60 እስከ 80 ጨዋታ ያህል ነበር፤ ካብ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ መትቶ ያገኘው ቍጥር፣ ከሁለት ሺህ ጥቂት ከሚበልጥ ቍጥር ጋር እንዴት ይወዳደራል?» አሉ። ይህ ጥያቄ ከክፋት የመጣ ነው ብለን አንፈርድም፤ በትምህርት ቤት የተማርነው ሒሳብም ትንሽ ናሙና እንደሚያሳስት ያስተምራል።

ነገር ግን ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ታላላቆቹ ሊጎች ራሳቸው 60 ጨዋታ ብቻ ተጫውተው፣ አሸናፊዎቻቸውን ያለ አንዳች ምልክት በመዝገብ ጽፈዋል። ለዛሬው ሰው 60 ከበቃ ለትናንቱ ለምን አይበቃም? ሁለተኛ፣ የጊብሰን ቍጥር ያነሰው በስንፍናው አይደለም። ጥቁሮቹ ክለቦች ሜዳ የሚከራዩት ነጮቹ በሌሉበት ቀን ነበር፤ ኑሮአቸውን ለመደጐምም በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ከሊግ ውጭ ይጫወቱ ነበር። በክብር አዳራሽ ያለው ጽላት ጊብሰን ወደ 800 የሚጠጋ ሆም ራን እንደ መታ ይናገራል፤ ዋናው መዝገብ የተቀበለው ግን በሊግ ጨዋታ መመታታቸው የተረጋገጠውን፣ ከ200 በታች ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የቈጠሩት ሰዎች አዳልተዋል ለማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ጠበቅ አድርገው ቈጥረዋል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ሕግ ቢለወጥ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ለሁሉም በግልጽ ይነገር። በማሪስ ላይ የተፈጸመው ስሕተት ይኸው መጓደሉ ነው። ቍጥርም ትልቅ ዳኛ ነው፤ ነገር ግን የሚፈርደው ወደ ሜዳው ለገባ ሰው ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶበት ደጅ የቀረውን ሰው ቍጥር አያየውም። በሩን የዘጋው ሰው እንጂ የቀረው ሰው ጥፋተኛ አለመሆኑን ለይቶ መናገር የሰው ድርሻ ነው።

ሌላም አንድ ነገር ልባችንን ነክቶታል። የጊብሰን ስም የተረፈው፣ በዚያ ዘመን አንድ ስሙ ያልታወቀ ጋዜጠኛ በሜዳው ዳር ተቀምጦ የእያንዳንዱን ዙር ውጤት ጽፎ ለማተሚያ ቤት ስላደረሰ ነው። ያ ሰው በማግሥቱ የሚጣል ወረቀት የሚጽፍ መስሎት ይሆናል። የጻፈው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ለፍርድ የቀረበ ምስክርነት ሆነ።