የሞጣ መንገድ ፈጣን ምግብ

ከአዲስ አበባ በማለዳ የተነሣ አውቶቡስ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በጃፓን ዕርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ የሚቀበለው ደጀን ነው። ከዚህ ወዲያ አንዱ መንገድ በየጥኖራና በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። በየትኛውም ቢኬድ፣ መኪና በሚቆምበት ሁሉ አንድ ዓይነት ቤት ይገኛል፤ በራፉ ላይ ብዙ ጊዜ «ሆቴል» የተጻፈበት፣ አልጋ ይኑረው አይኑረው ግን ምሳ ፈላጊው የማይጠይቅበት ምግብ ቤት። ከተሜው ይህን ቤት የሬስቶራንት ድኻ ዘመድ አድርጎ ያየዋል። በእኔ ግምት ግን አገራችን ከማንም ሳትዋስ የፈጠረችው ፈጣን ምግብ ቤት ይኸው ነው።

ነገሩን ከወጥ ቤቱ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ረዳቱ ቶሎ በሉ እያለ ያጣድፋል። ይህን ሁሉ ሰው አብልቶ መሸኘት የሚቻለው ሥራው አስቀድሞ ስላለቀ ነው። ሽሮው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ለወራት ተቀምጧል፤ ማቀዝቀዣ አይሻም፣ መብራት ቢጠፋም አይበላሽም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞና ደርቆ ተፈጭቷል። እንጀራው ሁለት ሦስት ቀን ተቦክቶ፣ ተጋግሮ ሞሰብ ገብቷል። ትእዛዝ ሲመጣ የቀረው ሽንኩርት ማቁላላትና ውኃ ማፍላት ብቻ ነው፤ ተጋቢኖውም እየተንተከተከ ይቀርባል። የማክዶናልድ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ በሳን በርናርዲኖ ለባለ መኪኖች ቶሎ ለማድረስ ሲሉ የምግብ ዝርዝራቸውን ወደ ዘጠኝ ዓይነት ቀንሰው ነበር። እኛ ዘንድ ዝርዝሩን የሚያሳጥረው የቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴና በፍልሰታ ጥብሱና ዱለቱ ይቀርና ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን ይነግሣሉ። የጾሙ ቀን በዓመት ከ180 ስለሚበልጥ፣ ባለ ምግብ ቤቷ የዓመቱን ግማሽ ያህል የምታበስለው ሁሉም ሰው የሚበላውን ነው። ድስቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ወጡ አያድርም።

ምርጫ የለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ቤቱን የሚመርጠው ተሳፋሪው ሳይሆን ሾፌሩ ነውና። ሾፌሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይከፍል ስለሚስተናገድ፣ ምርጫው ለራሱ እንጂ ለሰው አይደለም ይባላል። በዋጋ በኩል ይህ እውነት አለው፤ ሂሳቡ ቢወደድ የሚሰማው ኪስ የእሱ አይደለም። በጤና በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንገደኛው አንድ ጊዜ በልቶ ያልፋል፤ ሾፌሩ ግን በዚያው መስመር ደጋግሞ ይመላለሳል፣ ከዚያው ድስት ይበላል። ሆዱን ቢያመው መሪ መያዝ አይችልም። ከእሱ የበለጠ የሚሠጋ ተቆጣጣሪ ማግኘት ይከብዳል። የእጅ መታጠቢያውና የመጸዳጃው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ያንን እየፈላ የመጣ ሽሮም አይሽረውም። ባለ ቤቶቹ ለበረንዳው ቀለም ከሚያወጡት ለቧንቧው ቢያውሉት እመርጥ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሴ ክርክር ውስጥ ነው። ፍጥነቱ ከቀድሞ ሥራ የመጣ ከሆነ ያን ሥራ የሠራው ማን ነው? በአመዛኙ ሴቶች ናቸው። በርበሬ ስትቀነጥስ ዓይኗና እጇ የሚቃጠለው፣ በጭስ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረው ሴት በሂሳቡ ወረቀት ላይ የለችም። የአሜሪካው ቤት ይህን የመሰለ ድካም ለፋብሪካ ሰጥቶ ዋጋ ተምኖለታል፤ የእኛው በጓዳ ሸሽጎት ቆየ። አሁን ባልትና ቤቶች ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተው በኪሎ ሲሸጡ፣ እንጀራም በቁጥር ከጋጋሪ ሲገዛ፣ ጉልበቱ ጥቂት በጥቂት ዋጋ እያገኘ ነው። ቢቸና ላይ ሽሮ ተወደደ ብሎ የሚያማርር መንገደኛ ቅሬታው ይገባኛል፤ ሆኖም ከጭማሪው ከፊሉ ድሮ ሳይከፈል የቀረ የጉልበት ዋጋ ይመስለኛል፤ የተረፈው የጤፉ፣ የዘይቱና የመጓጓዣው ነው።