ሐይቅ መሀል ጋራዥ የለም፦ ኤሌክትሪክ ጀልባ ላይ ምን መለዋወጫ ይያዛል?

መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ዳር ይያዝና መካኒክ ይጠራል። ጀልባ ሐይቅ መሀል ቢቆም ግን የሚያዝ ዳር የለም። ነፋሱ ወደፈለገበት ይወስዳችኋል፣ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ጀልባ ላይ የሌለ መለዋወጫ፣ ሱቅ ውስጥ ቢሞላም የለም ማለት ነው።

ለምን አሁን አነሳነው? በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ጀልባ ግን ብዙም አይነሳም። በኛ ሐይቆች ላይ ገና አልተለመደም እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ኮኒግዜ በሚባለው ሐይቅ ከ1909 እ.ኤ.አ ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሱት በባትሪ የሚሄዱ ጀልባዎች ናቸው።

እስቲ አንድ በአንድ እንይ።

መጀመሪያ፣ ምኑ ነው የሚበላሸው?

ኤሌክትሪክ ሞተር ካንዴላ የለው፣ ካርቡሬተር የለው፣ የሚንቀሳቀስ ክፍሉም ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ውሃ ላይ የሚያስቀሩት ከባትሪው እስከ ፕሮፔለሩ ያሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የላላ ሞርሴቶ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የተሰበረ ፒን። ደስ የሚለው ግን የእነዚህ ሁሉ መለዋወጫ አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

1. ፕሮፔለር፣ ፒንና ዳዶ

ፕሮፔለሩ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ሞተሩ እንዳይጎዳ ቀድሞ እንዲሰበር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ፒን ብዙ ሞተሮች ላይ አለ። ፒኑ ሲሰበር ሞተሩ ይዞራል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ሁለት ሦስት ፒን፣ ዳዶውንና አንድ ትርፍ ፕሮፔለር ያዙ። የሚፈታበት ቁልፍ ልኩ መሆኑን መሬት ላይ እያላችሁ ሞክሩት።

ጣና ላይ ደግሞ እምቦጭ አለ። ሥሩና ግንዱ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይጨነቃል፣ ይግላል፣ ባትሪም ይበላል። ስለታም ቢላዋ የግድ ነው።

ጥንቃቄ፦ ኤሌክትሪክ ሞተር ቆሞም ይሁን ሊነሳ ሲል ድምፅ የለውም። ሳታስቡት መሪው ቢነካ በቅጽበት ይዞራል። እጃችሁን ወደ ፕሮፔለር ከመስደዳችሁ በፊት የደህንነት ቁልፉን ንቀሉ፣ ባትሪውንም አጥፉ። ጣት መለዋወጫ የለውም።

2. ፊውዝ

እዚህ ጋር ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 2 ኪሎዋት ሞተር በ48 ቮልት ባትሪ ሲሠራ 42 አምፔር አካባቢ ይስባል። ያው ሞተር በ12 ቮልት ቢሆን 167 አምፔር ገደማ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሽቦ የሚያቀልጥ ኃይል ነው።

ስለዚህ ትርፍ ፊውዝ ስትይዙ አምፔሩም ቮልቱም ከነባሩ ጋር አንድ ይሁን። ብዙዎቹ የመኪና ፊውዞች የተሠሩት እስከ 32 ቮልት ነው፤ 48 ቮልት ላይ አይታመኑም። በፊውዝ ፈንታ ሽቦ ማሰር የሚባለውን የሰፈር መላ ደግሞ እርሱት። ያ ማለት እሳቱን ከፊውዙ አውጥቶ ወደ ጀልባው ማስገባት ነው። አዲሱ ፊውዝም ወዲያው ከተቃጠለ ሦስተኛ አትጨምሩ። የሆነ ቦታ ሾርት አለ።

3. ለሽቦና ለሞርሴቶ

የላላ ወይም የዛገ መገናኛ ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ብርጭቆ ወረቀት፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ናስትሮ፣ ጥቂት የኬብል ጫፎችና መጭመቂያቸው፣ እንዲሁም እንደ ዋናው ገመድ የወፈረ ትርፍ ኬብል ያዙ። የብረት ቁልፎቻችሁን እጀታ በናስትሮ ጠቅልሉት። ባዶ ብረት በሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ ቢወድቅ እሳት ይረጫል፣ እዚያው ሊበየድም ይችላል።

4. የደህንነት ቁልፍ

ብዙ ሞተሮች በገመድ እጅ ላይ የሚታሰር ማግኔት አላቸው። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ማግኔቱ ይነቀልና ሞተሩ ይቆማል። ማግኔቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ጀልባው አይነሳም። ትርፉን ጀልባው ላይ እሰሩት።

5. ቴስተር

ያለ ቴስተር ብልሽት መፈለግ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው። በዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ከፊውዙ በኋላ፣ ከዚያ ሞተሩ ጋር ለኩ። ቮልቱ የጠፋው የት ጋር ነው? ብልሽቱ ያለው እዚያ ነው።

6. ስልካችሁ

አብዛኞቹ አዳዲስ ሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰርኪዩት አለ፤ ብዙዎቹም በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ። አፑን ኔትወርክ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ሞክሩት። ስልኩ ውሃ በማያስገባ ከረጢት፣ ፓወር ባንኩም አብሮት ይሁን። ቢኤምኤስ ባትሪው ሲያልቅ ሳያስጠነቅቅ ቀጥ አድርጎ ሊያጠፋው ስለሚችል ቀድሞ ማየት ይሻላል።

ባትሪ ሲያንስ ዋናው መላ ነጻ ነው፤ ፍጥነት ቀንሱ። ትንሽ ዝግ ማለት የኃይል ፍጆታውን በብዙ ይቀንሰዋል። ከመነሻው ደግሞ ባትሪውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን።

ሁሉም እምቢ ካለስ?

መቅዘፊያ፣ መልህቅ ከረጅም ገመድ ጋር፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት። መልህቁ ነፋስ እንዳይወስዳችሁ ያቆማችኋል፤ ከዚያ ተረጋግቶ መሥራት ይቻላል።

ውሃ ላይ የማይነካ ነገርም አለ። ሞተሩን፣ ኮንትሮለሩንና የባትሪውን ሳጥን አትክፈቱ። ባትሪው ካበጠ፣ ከጨሰ ወይም ከሸተተ ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ ሰዎቹን ከሱ አርቁ፣ ላይፍ ጃኬት አስለብሱ፣ እርዳታ ጥሩ።

እናንተስ ጀልባ ላይ ሞተር ቆሞባችሁ ያውቃል? በምን ወጣችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን። ባህር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ጀልባ ላይ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት።