ለብራና መጽሐፍ ማሳያ የሚሆን የፕላስቲክ ሰሌዳ አመራረጥና አሠራር

በአንዳንድ ገዳማትና አድባራት፣ እንዲሁም በከተማ ባሉ ሙዚየሞች፣ የብራና መጻሕፍት ለሕዝብ እየተከፈቱ ይታያሉ። መጽሐፉን ከሰው እጅና ከአቧራ ይከለክል የነበረው ቀድሞ መስተዋት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሰሌዳ ተተክቶበታል። እነዚህ ሰሌዳዎች በሱቅ ተደርድረው ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በባሕርያቸው ግን እጅግ ይለያያሉ፤ መጽሐፉን ይጠብቃል ተብሎ የተገዛው ራሱ የሚያጠፋው ጊዜ አለ። ስለዚህ ገዢው ዋጋና ውፍረት ከመጠየቁ በፊት፣ ከሰሌዳው በስተኋላ የሚቀመጠው ነገር ምን እንደሆነ ማሰብ ይገባዋል።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው አክሪሊክ ነው። በጀርመን አገር የኬሚስቱ የኦቶ ሮም ኩባንያ በ1933 እ.ኤ.አ. ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ያስመዘገበው ይኸው ነው፤ እንግሊዞች ፐርስፔክስ ይሉታል። ጥርት ያለው ዓይነት ከሚደርስበት ብርሃን ከመቶ 92 ያህሉን ያሳልፋል። ክብደቱም ቀላል ነው። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሜትር ካሬ መስተዋት 10 ኪሎ ግድም ሲመዝን፣ በዚያው ልክ የተቆረጠ አክሪሊክ 5 ኪሎ አይሞላም። ነገር ግን ተራው አክሪሊክ ቀለምን የሚያደበዝዘውን የፀሐይ ስውር ጨረር በሙሉ አያግድም። ጨረሩን እንዲከለክል ተደርጎ የተሠራ ሰሌዳ ካልተገኘ፣ ማሳያውን ከመስኮት ማራቅ ግድ ነው።

ፖሊካርቦኔት የተባለው መዶሻ እንኳ የማይሰብረው ነው ተብሎ በነጋዴዎች ዘንድ ይመሰገናል። በርግጥ ጠንካራ ነው፤ ሕፃናት በሚጋፉበት ቦታ ይጠቅማል። ሆኖም በቀላሉ ይጫጫራል፣ መከላከያ ያልተቀባው ደግሞ ፀሐይ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል።

አሳሳቹ ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ነጩና አረፋ መሰሉ፣ በማስታወቂያ ቤቶች ፎሬክስ የሚባለው፣ በቢላዋ የሚቆረጥና ቀላል በመሆኑ ለመጽሐፍ መደገፊያ የተፈጠረ ይመስላል። ዳሩ ግን በውስጡ ክሎሪን አለበት፤ እያረጀ ሲሄድ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትነት ሊያወጣ ይችላል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይህ ትነት መውጫ ስለሌለው ብራናውን ይጎዳል፣ የመስቀልና የጌጥ ብረትንም ያዝጋል። ፒ.ቪ.ሲ. ከሣጥኑ ውጭ ለሚሰቀል ጽሑፍ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም ባይ ነኝ። በሌዘር መቁረጥም አይገባም፤ ያው ጎጂ ጋዝ ይወጣልና።

የሰሌዳው ዓይነት ያጠራጠረ እንደሆነ በመዳብ ሽቦ መመርመር ይቻላል። ሽቦውን በእሳት አግሎ፣ ነበልባሉ ቀለም መስጠቱን ሲተው የሰሌዳውን ጠርዝ ነክቶ ወደ እሳቱ መመለስ ነው። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለ ማለት ነው። ይህ በደጅ፣ በቁራጭ ላይ ይደረግ።

አክሪሊክም ቢሆን አንድ ጠባይ አለው። በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ ኤሌክትሪክ ያድርበትና ቀላል ነገርን ወደ ራሱ ይስባል። የሥዕሉ ቀለም መላቀቅ የጀመረ ወንጌል በአጠገቡ ቢቀመጥ፣ ቅርፊቱ ተነሥቶ በክዳኑ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። እንዲህ ላለው መጽሐፍ ክብደቱን ታግሦ መስተዋት መጠቀም ይሻላል።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፣ መከላከያ ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ባይላጥ ጥሩ ነው። ስስ አክሪሊክ በሹል መጫሪያ ደጋግሞ ተሰምሮ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይሰበራል፤ ወፍራሙ በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ ቀስ ተብሎ ይቆረጣል፣ ከተቻኮሉ ይግልና መልሶ ይጣበቃል። ለብረት የተሳለ መሰርሰሪያ ፕላስቲኩን ነክሶ ይሰነጥቀዋልና፣ ጫፉን ጥቂት ማደነዝና ከሥር እንጨት መደገፍ ያሻል። ቀዳዳው ከብሎኑ መስፋት አለበት። በበጋ በአዲስ አበባ የሌሊቱና የቀኑ ሙቀት በ15 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል፤ አንድ ሜትር አክሪሊክ በዚህ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ የሚሰነጠቀው ከዚያ ላይ ነው።

የመጽሐፉ መደገፊያ የሚሠራው በማጠፍ ነው። ወረቀቱ ተልጦ፣ የሚታጠፈው መስመር ብቻ በኤሌክትሪክ በሚግል ሽቦ ላይ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይሞቃል፤ ከዚያ ታጥፎ እስኪበርድ ይያዛል። ሳይሞቅ ተገድዶ የታጠፈ አክሪሊክ ውሎ አድሮ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። የመደገፊያው ስፋት የሚለካው በመጽሐፉ ነው፤ ሁለቱም የእንጨት ገበታዎች እንዲያርፉ፣ ጀርባው እንዳይጨነቅ፣ ጥራዙም ወዶ ከሚከፈትበት በላይ እንዳይገደድ ይሆናል። የታጠፈውን ጠርዝ በሞረድና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። በእሳት ነበልባል ማንጸባረቅ ያምራል፤ ነገር ግን በጠርዙ ውስጥ ውጥረት ስለሚያስቀር ኋላ ማጣበቂያ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያዋሕድ ፈሳሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሜቲሊን ክሎራይድ ይገባበታል። ሁለቱ ቁራጮች ተገጥመው በመርፌ ጠብ ሲደረግ ፈሳሹ በመጋጠሚያው መካከል ራሱ ይሳባል። ትነቱ ለሰው መርዝ ነውና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ካልሆነ አይሠራበትም። ለብራናም ቢሆን ደግ አይደለም፤ ሣጥኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ቀናት ያህል ተከፍቶ ይቆይ። አቧራው በለስላሳ እርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ይጠረጋል፤ አልኮልና የመስተዋት ማጽጃ ግን አይንኩት፤ መጽሐፉም ክዳኑ እስኪደርቅ ድረስ ከሣጥኑ ውጭ ይቆያል።