ሐኪም በሌለበት ባሕር ላይ 3 ሳምንት፦ ከመነሳትዎ በፊት ሰውነትዎን ማን ፈተሸው?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ለየት ያለ ጥያቄ ደረሰኝ። ጠያቂው አውሮፓ የሚኖሩ የ54 ዓመት ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ ጓደኞቼ በ12 ሜትር የሸራ ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ነው፤ እኔንም ና ብለውኛል። ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒቴን በሥርዓት እወስዳለሁ። የቀረን 10 ቀን ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር?» ይላሉ። መልሱ ከሐኪም ርቆ ለሚጓዝ ሁሉ ስለሚጠቅም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እዚህ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው። ከስፔኗ ግራን ካናሪያ ደሴት፣ ከላስ ፓልማስ ተነስቶ ካሪቢያን እስካለችው ሴንት ሉሲያ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ብዙ የሸራ ጀልባዎች በቡድን ይነሱበታል። ትንሽ ጀልባ ብዙውን ጊዜ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። መሀል ውቅያኖስ ላይ ደግሞ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር አይደርስም። ተስፋው በአቅራቢያ የሚያልፍ መርከብ ነው፤ እሱም ቀናት ሊወስድ ይችላል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ሁሉም ሸራውን፣ ሞተሩንና ራዲዮውን ይፈትሻል። ለጠያቂዬ የሰጠሁት የቤት ሥራ ግን ስለ ሰውነታቸው ነው።

1. ግፊትዎን ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ይለኩ፣ ይመዝግቡ

ቤት ውስጥ ተረጋግተው ሲለኩ ከ135/85 በታች ከሆነ፣ ደረትዎን የማያምዎትና ትንፋሽ የማያጥርዎት ከሆነ፣ ግፊት ብቻውን አያስቀርዎትም። ከፍ ካለ ግን በችኮላ አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ባሕር ላይ መውጣት አይመከርም። አዲስ መድኃኒት የሚሞከረው ሐኪም ባለበት፣ መሬት ላይ ነው። ያኔ ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን።

2. የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ?

ብዙዎች የማያስቡት ይህንን ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ሎሚ እያሸተትን የምንሄድ ሰዎች አለን አይደል? ትንሽ ጀልባ ላይ ደግሞ መኪና የማያመውም ሰው ያስመልሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 2 እና 3 ቀን። በትውከት ውኃ እየወጣ የሚያሸናው ክኒን ሲጨመርበት ግፊት ከመጠን በላይ ይወርዳል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ስለዚህ «ካስመለሰኝ የትኛውን ላቁም? መቼ ልጀምር?» የሚለውን ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው በወረቀት ይያዙ። ኦአርኤስም ሳጥንዎ ውስጥ ይኑር።

3. የማቅለሽለሽ መከላከያውን መሬት ላይ ይሞክሩት

ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ሃዮሲን ከመነሳት ከብዙ ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ እስከ 3 ቀን ይሠራል። ነገር ግን አፍ ያደርቃል፣ ያደነዝዛል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ፕሮስቴት ላለበት ሰው ሽንት ሊከለክል ይችላል፤ አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ ላለበትም አደገኛ ነው። ይህን ሁሉ መሀል ባሕር ላይ ማወቅ አይፈልጉም።

4. ጥርስ፣ ቡአ፣ የሐሞት ጠጠር

«አልፎ አልፎ ያመኛል» የሚሉት ጥርስ አሁን ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል! የሚያም ቡአ ወይም የሚነሳና የሚተኛ የሐሞት ጠጠር ካለ ደግሞ ሳይታከሙ አይውጡ።

5. መድኃኒትዎን እጥፍ አድርገው ይያዙ

ለ3 ሳምንት የሚበቃው ለ6 ሳምንት ይሁን። ውኃ በማያስገባ ሁለት ዕቃ ይከፈልና ለየብቻ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢረጥብ ሌላው ይተርፋል። የሐኪም ማዘዣውም አብሮ ይሂድ።

6. ውኃውን በሒሳብ

ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብንል፣ ለ4 ሰው በ21 ቀን 252 ሊትር ነው። መዘግየት ስላለ መጠባበቂያ ይጨመርበት። የባሕር ውኃ የሚያጣራ መሣሪያ ቢኖርም ሊበላሽ ይችላልና በእሱ ብቻ አይተማመኑ።

7. የሌሊቱ ሽንት

አትሳቁ፣ የምሬን ነው! ወንዶች ሌሊት ተነስተው ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቆመው ይሸናሉ፤ እዚያው ሚዛን ስተው ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ድንገት ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል። ቀስ ብለው ይነሱ፣ ውስጥ ያለውን መጸዳጃ ቁጭ ብለው ይጠቀሙ። ሌሊት ወደ ላይ ከወጡ የደኅንነት ገመድዎ ከጀልባዋ ጋር ይታሰር።

8. ስለ ራስዎ አንድ ገጽ ይጻፉ

የደም ዓይነት፣ አለርጂ፣ ያለብዎት በሽታ፣ የሚወስዱት መድኃኒት በሙሉ፤ «ቀላል ነው» ብለው የናቁት ክኒን ሳይቀር። ለምን መሰላችሁ? በ1998 ቪክቶር ያዚኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ብቻውን ዓለምን በሚዞርበት ውድድር ላይ ሳለ ክርኑ መግል ቋጠረ። ቦስተን ያለ ሐኪም በኢሜይል እየመራው ራሱ ቀደደው። መግሉ ወጣ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። አስፕሪን ሲወስድ ነበርና ደሙ ቶሎ አልረጋም። ደግነቱ ተርፏል። ከሩቅ የሚረዳዎ ሐኪም ማየት የሚችለው እርስዎ የነገሩትን ብቻ ነው።

ሮም ውስጥ በ1935 የተቋቋመው የራዲዮ ሕክምና ማዕከል (ቺርም) ለባሕር ተጓዦች በነፃ ምክር ይሰጣል። አድራሻውን ከመነሳትዎ በፊት ይያዙ፤ የሳተላይት ስልኩንም ወደብ ላይ ሳሉ ደውለው ይሞክሩት።

በመጨረሻም፣ የመነሻውን ዋዜማ በግዢና በሽኝት መጠጥ አያሳልፉ። ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ፣ በቂ እንቅልፍ ይተኙ። ከማግሥቱ ጀምሮ ሌሊት በየተራ መንቃት አለ።

የእኛ መንገድ ባሕር ላይ ባይሆንም፣ ሐኪም ቤት ወደሌለበት ገጠር ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ወይም ወላጆቻችሁን ረጅም መንገድ ስትልኩ፣ ተራ ቁጥር 1፣ 5 እና 8ን አትርሱ።

ይህ ጽሑፍ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ መንገድ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤንነት!